ከደሴ ሆኖ ስለ ካናዳ ወግ አጥባቂ መሪዎች ተራማጅ ትችት መጻፍ፤ ለጀማሪ ጸሐፊዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የካናዳ ፖለቲካ ደሴና ኮምቦልቻ የሚደርሰው በዜና ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ልጅ ያላት እናት፣ ልጇ ሊወስዳት ያስገባው ማመልከቻ የሚንቀሳቀሰውም የሚቆመውም ኦታዋ ላይ በሚወሰን ውሳኔ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። በ2011 መጨረሻ የወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር የስቲቨን ሃርፐር መንግሥት ወላጆችንና አያቶችን ለመውሰድ የሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን ለሁለት ዓመት ሲያቆም፣ ውሳኔው የነካው ካናዳ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በሌላው ዓለም ተቀምጠው የሚጠብቁትን ወላጆችም ነበር። ስለዚህ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ሆነ ከግቢ ውጭ ስለ ካናዳ መሪዎች በአማርኛ የሚጽፉ ወጣቶች መኖራቸው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከሚጻፈው ውስጥ ብዙው መሪዎቹን የሚዘልፍ እንጂ መሪዎቹ ያደረጉትን የሚያስረዳ አለመሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ጸሐፊዎች የተዘጋጀ ነው። ተራማጅ አቋም የምለው፣ መንግሥት በግብር ከሚሰበስበው ገንዘብ ሕክምናን፣ ትምህርትንና መጠለያን ለሁሉም የማዳረስ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛ የመደራጀትና የመደራደር መብት አለው፤ ስደተኛና አናሳ ወገን በብዙኃኑ ድምፅ መብቱን ሊነጠቅ አይገባም የሚለውን ነው። እኔም የምጽፈው ከዚሁ አቋም ተነሥቼ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ የመሪውን መልክ፣ አነጋገርና እምነት ትታችሁ የፈረሙትን ሕግና ያጸደቁትን በጀት ያዙ፤ ከዚያም ሕጉ በማን ኑሮ ላይ እንዳረፈ ተከታተሉ። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት

ካናዳ አሥር ክፍለ ግዛቶችና ሦስት የሰሜን ግዛቶች ያሏት ፌዴሬሽን ናት። በ1867 በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የክፍለ ግዛቶቹ ሥልጣን ናቸው፤ የወንጀል ሕግ፣ ባንክና መከላከያ የፌዴራሉ ናቸው፤ በኢሚግሬሽን ሁለቱም ድርሻ ቢኖራቸውም ዋናው ውሳኔ የኦታዋ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ ኦንታሪዮ የሆስፒታል ወረፋ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ከ2018 ጀምሮ ክፍለ ግዛቱን የሚመሩትን ዳግ ፎርድን ነው። የፌዴራሉን ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ ለዚያ ወረፋ ተጠያቂ የሚያደርግ ጽሑፍ፣ ካናዳ የሚኖር አንባቢ ገና በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይጥለዋል። በስማቸው ውስጥ «ወግ አጥባቂ» የሚል ቃል ያለባቸው ፓርቲዎችም አንድ ድርጅት አይደሉም። የፎርድ ፓርቲ የኦንታሪዮ ተራማጅ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሲሆን፣ አልበርታን ከጥቅምት 2022 ጀምሮ የሚመሩት ዳንየል ስሚዝ የተባበሩት ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ ናቸው፤ የፌዴራሉ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ደግሞ በ2003 በውሕደት የተቋቋመ ሌላ ፓርቲ ነው።

የምርጫው ሥርዓት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንደ አገራችን ሁሉ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። የዚህን ውጤት በቁጥር ማሳየት ከብዙ ሐተታ ይሻላል። በ2019 ወግ አጥባቂዎች 34.3 በመቶ ድምፅ አግኝተው 121 መቀመጫ ሲይዙ፣ ሊበራሎች በ33.1 በመቶ 157 ይዘው መንግሥት መሠረቱ። በ2021ም እንዲሁ ወግ አጥባቂዎች በድምፅ በልጠው በመቀመጫ ተበለጡ። በሚያዝያ 2025 ምርጫ በማርክ ካርኒ የተመሩት ሊበራሎች ከ343 መቀመጫዎች 169ኙን፣ ወግ አጥባቂዎች 144ቱን አገኙ፤ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ፒየር ፖሊየቭ በኦታዋ አቅራቢያ የነበረውን የካርልተን መቀመጫቸውን አጥተው በነሐሴ ወር በአልበርታ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ወደ ምክር ቤት ተመለሱ። ይሁን እንጂ በዚሁ ምርጫ ፓርቲያቸው ከ41 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቷል። ስለዚህ «የካናዳ ሕዝብ ወግ አጥባቂዎችን አንቅሮ ተፋ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ከዚያም በላይ ከአሥር ሰው አራቱ ለምን እንደመረጣቸው ለመጠየቅ የሚያስችለውን በር ይዘጋል።

የወግ አጥባቂውን ወገን ታሪክ ማወቅ፤ በተለይ ለወሎ ሰው

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የካናዳ ወግ አጥባቂነት ከሃርፐር የጀመረ ይመስላቸዋል። ከ1957 እስከ 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ወግ አጥባቂው ጆን ዲፈንቤከር በ1960 የአገሪቱን የመጀመሪያ ፌዴራላዊ የመብቶች ሕግ አጽድቀዋል፤ በዚያው ዓመትም ነባር ሕዝቦች ሕጋዊ ማንነታቸውን ሳይለቁ በፌዴራል ምርጫ እንዲመርጡ አድርገዋል። በ1979 ለአጭር ጊዜ ሥልጣን የያዘው የጆ ክላርክ መንግሥት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ 50,000 ስደተኞችን ለመቀበል ወስኖ፣ ተራ ዜጎችና የእምነት ተቋማት ስደተኛን ስፖንሰር የሚያደርጉበትን መንገድ በሰፊው አስጀመረ። ዛሬ ከሱዳንና ከኬንያ መጠለያዎች ተነሥተው ካናዳ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሄዱት በዚያው መንገድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን የወሎ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም። ብራያን መልሮኒ የተራማጅ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ ሆነው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን የተረከቡት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው፤ ኮረም ላይ ሰው በረሀብ እየረገፈ በነበረበት ወር ማለት ነው። መንግሥታቸው ገና ሳይደላደል ቀድሞ የፓርቲያቸው ሚኒስትር የነበሩትን ዴቪድ ማክዶናልድን የአፍሪካ ረሀብ አስቸኳይ ዕርዳታ አስተባባሪ አድርገው ሾሙ፤ ማክዶናልድ በኋላም በኢትዮጵያ የካናዳ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። በተባበሩት መንግሥታት የካናዳ አምባሳደር አድርገው የላኩት ደግሞ ከተቃራኒው ወገን፣ ቀድሞ የኦንታሪዮ የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ የነበሩትን ስቲቨን ሉዊስን ነው። መልሮኒ በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ላይ ማዕቀብ እንዲጠብቅ የብሪታንያዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ፊት ለፊት ተሟግተዋል። ያንን ዘመን ያሳለፉ ወላጆችና አያቶች ያሉን ሰዎች ይህንን በግልጽ መጻፍ ይገባናል፤ ይህ ለወግ አጥባቂዎች የሚደረግ ውለታ ሳይሆን እውነት ነው።

እኚሁ መልሮኒ ከአሜሪካ ጋር የነጻ ንግድ ስምምነት ፈርመው በ1989 ሥራ ላይ አዋሉ፤ በ1991ም ድሃውና ሀብታሙ በሚገዛው ዕቃ ላይ እኩል የሚከፍለውን የ7 በመቶ የፍጆታ ግብር አስጀመሩ። ተራማጆች ሁለቱንም የተቃወሙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የመጀመሪያው የፋብሪካ ሠራተኛውን ለፉክክር አጋልጧል፣ የሁለተኛውም ሸክም ከድሃው ገቢ ላይ የሚወስደው ድርሻ ከባለጸጋው ይበልጣል። በ1993 ፓርቲያቸው በኪም ካምቤል መሪነት ተወዳድሮ ሁለት መቀመጫ ብቻ ቀረው። በምዕራቡ አገር በ1987 የተመሠረተው የሪፎርም ፓርቲ ቦታውን እየወሰደ ሄዶ፣ በተከታዩ ድርጅት በኩል በ2003 ከቀድሞው ፓርቲ ቅሪት ጋር ተዋሐደ። ከ2006 እስከ 2015 በሃርፐር የተመራው መንግሥት የመጣው ከዚህ ውሕደት ነው። ይህንን መስመር የያዘ ጸሐፊ «ወግ አጥባቂዎች ሁልጊዜ የስደተኛ ጠላቶች ናቸው» አይልም። ከዚያ የሚበረታ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በ1979 ለስደተኛ በር የከፈተው ወገን በ2012 የስደተኛን መድኃኒት እንዴት ሊቆርጥ ቻለ?

አንድ ውሳኔ ወስዶ እስከ መጨረሻው መከታተል

አንድ ጽሑፍ ስለ አንድ ውሳኔ ይሁን። ስለ ውሳኔውም ማን ወሰነው፣ ምን ምክንያት ሰጠ፣ ማን ተጎዳ፣ ማንስ አስቆመው የሚሉትን ጠይቁ። ከላይ ያነሣሁት የመድኃኒት ጉዳይ ለልምምድ የሚመች ስለሆነ በዝርዝር እሄድበታለሁ።

ካናዳ ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች ጊዜያዊ የፌዴራል የጤና ሽፋን ስትሰጥ ብዙ አሥርት ዓመታት አሳልፋለች። በ2012 የጸደይ ወራት የሃርፐር የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ጄሰን ኬኒ ሽፋኑ እንደሚቀነስ አስታወቁ፤ ለውጡም በሰኔ መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። የሰጡት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአምስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ይቆጠባል የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ ስደተኛ ከዜጋው የተሻለ ሽፋን ማግኘት የለበትም የሚል ነው። ይህንን ምክንያት ሳታጣምሙ ጻፉት፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ነጥብ ለተራ ካናዳዊ አሳማኝ ይመስላል። በካናዳ የሐኪምና የሆስፒታል ወጪ በመንግሥት ቢሸፈንም ሰው ቤቱ ሆኖ የሚወስደው መድኃኒት በአብዛኛው አይሸፈንም፤ ዜጋው በአሠሪው መድን ወይም ከኪሱ ይከፍላል። መልሱ ያለው እዚያው ውስጥ ነው፤ ስደተኞቹ ያገኙት የነበረው ተጨማሪ ሽፋን በማኅበራዊ ድጋፍ ለሚተዳደሩ ድሃ ካናዳውያን ከሚሰጠው ጋር የሚመሳሰል ነበር። ስደተኛውን ማነጻጸር የሚገባው ሥራና የአሠሪ መድን ካለው ሰው ጋር ሳይሆን እንደ እርሱ ባዶ እጁን ካለው ዜጋ ጋር ነው።

ከዚያ ተጎጂዎቹን በምድብ በምድብ ለዩ። በመንግሥት ወጪ የመጡ ስደተኞች ከተቃውሞ በኋላ በአብዛኛው ከቅነሳው ውጭ ሆኑ። በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበራት ስፖንሰርነት የገቡት የመድኃኒት ሽፋናቸውን በአመዛኙ አጡ፤ የአገራችን ሰዎች በብዛት የሚገኙትም በዚህ ምድብ ነው። መንግሥት «ደኅንነታቸው የተጠበቀ» ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ደግሞ ሕመማቸው ለሌላው ሕዝብ አደጋ ካልሆነ በቀር የሚታከሙበት ሽፋን አልቀረላቸውም። ነፍሰ ጡር ሴት የምጥ ክትትል አይሸፈንላትም፤ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ግን በሽታው ስለሚተላለፍ ይታከማል። ይህንን ልዩነት ያለ ማጋነን ማስቀመጥ ብቻ አንባቢውን ያስቆመዋል፤ ሰውየው የሚታከመው ለሌሎች አደጋ ሲሆን ብቻ ከሆነ ሕጉ ስለ እርሱ ሕይወት አላሰበም ማለት ነው።

ሐኪሞች በሰኔ 2012 በመላ አገሪቱ አደባባይ ወጡ፤ ለስደተኞች ሕክምና የቆመው ማኅበራቸውም ከስደተኛ ጠበቆች ጋር ሆኖ ክስ መሠረተ። በሐምሌ 2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ቅነሳው «ጭካኔ የተሞላበትና ያልተለመደ» አያያዝ ስለሆነ የሕገ መንግሥቱ አካል የሆነውን የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር አንቀጽ 12 ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ሽፋኑም በሊበራሎች ዘመን በ2016 ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ትችታችሁ የመጨረሻ ጉልበቱን ከዚህ ያገኛል፤ «ጨካኝ» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ተቃዋሚ ፓርቲ ወይም እናንተ ሳትሆኑ ፍርድ ቤቱ ነውና።

የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር «ሃርፐር ለጥቁር ሕዝብ ርኅራኄ የሌላቸው ሰው ናቸው» የሚል ቢሆን፣ የሰውን ልብ መርምራችሁ ማቅረብ የማትችሉትን ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። «የሃርፐር መንግሥት በ2012 በስፖንሰር የገቡ ስደተኞችን መድኃኒት አስቀረ፤ ፍርድ ቤትም ከሁለት ዓመት በኋላ ቅነሳውን ከቻርተሩ ጋር የሚቃረን ነው አለው» ብትሉ ግን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። እኚሁ ሃርፐር በሰኔ 2008 የነባር ሕዝቦችን ሕፃናት ከወላጆቻቸው ነጥለው ስላንገላቱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በምክር ቤት ይቅርታ መጠየቃቸውም የመዝገቡ አካል ስለሆነ፣ ስለ ሰውየው ጠቅላላ ዳኝነት ስትሰጡ ልትደብቁት አትችሉም።

የሠራተኛውን ጉዳይ ለኮምቦልቻ አንባቢ ማስረዳት

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካና ከ2017 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ስለ ሠራተኛ መብት የሚጻፍ ጽሑፍ እዚያ ዝግጁ አንባቢ አለው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሠራተኛ የመደራጀት፣ በጋራ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ካናዳ ውስጥ ሥራ የማቆም መብት በቻርተሩ ውስጥ በስሙ ተጠቅሶ አይገኝም፤ የመደራጀት ነጻነት አካል መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 አረጋግጧል። ችግሩ የቻርተሩ አንቀጽ 33 ነው። ይህ አንቀጽ የፌዴራሉም ሆነ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አንድን ሕግ ሲያወጣ የተወሰኑ የቻርተሩ መብቶች ቢጣሱም ሕጉ እስከ አምስት ዓመት እንዲጸና፣ ከዚያም እንዲታደስ ይፈቅድለታል።

በኅዳር 2022 መጀመሪያ የዳግ ፎርድ መንግሥት በዚህ አንቀጽ ተጠቅሞ 55,000 በሚሆኑ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ላይ፣ ማለትም በጽዳት ሠራተኞች፣ በጸሐፊዎችና በመምህራን ረዳቶች ላይ፣ የሥራ ውል በሕግ ጫነ፤ ሥራ ቢያቆሙም እያንዳንዱን ሰው በቀን እስከ 4,000 ዶላር የሚያስቀጣ ድንጋጌ ጨመረበት። ከኦንታሪዮ የትምህርት ቤት ሠራተኞች በደመወዝ ዝቅተኛ ከሚባሉት መካከል የሆኑ ሰዎች ይህንን እያወቁ ሥራ አቆሙ። ሌሎች የሠራተኛ ማኅበራትም፣ በምርጫ ፎርድን ደግፈው የነበሩ ጭምር፣ ከጎናቸው ቆሙ። ፎርድ በቀናት ውስጥ ሕጉን እንደሚሰርዙ አስታወቁ፤ በወሩ አጋማሽም ሕጉ ተሻረ። በጥቅምት 2025 የዳንየል ስሚዝ መንግሥት ከ50,000 በላይ መምህራንን ወደ ሥራ የመለሰበትን ሕግ በዚሁ አንቀጽ ከልሎ አወጣ።

ስለዚህ አንቀጽ ስትጽፉ ሙሉ ታሪኩን ስጡ። በ1981 ድርድር አንቀጹ እንዲገባ ከወተወቱት መሪዎች መካከል የአልበርታው ወግ አጥባቂ ፒተር ሎሂድ ነበሩ፤ የሳስካችዋኑ የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ አለን ብሌክኒም ነበሩ። ተራማጁ ብሌክኒ የፈሩት ዳኞች የድሃውን ጥቅም የሚያስጠብቅ ሕግ በባለንብረት መብት ስም እንዳይሽሩ ነው። ኩቤክም በ2019 መምህራንን ጨምሮ የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች በሥራ ላይ ሃይማኖታዊ ልብስና ምልክት እንዳይለብሱ የከለከለችው በዚሁ አንቀጽ ተከልላ ነው፤ ሒጃብ ለምትለብስ መምህርት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። እንግዲህ ክርክራችሁ አንቀጹ የወግ አጥባቂ ፈጠራ ነው የሚል ሊሆን አይችልም። ጠንካራው ክርክር፣ ከደካማው ወገን ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ መጨረስ የሚገባን ጉዳይ ለማምለጥ መሪዎች አንቀጹን እየለመዱት መሄዳቸው ነው፤ ፒየር ፖሊየቭም በ2025 የምርጫ ዘመቻ በቅጣት ጉዳይ እንደሚጠቀሙበት ቃል በመግባታቸው፣ ካሸነፉ በፌዴራል ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ይውል ነበር።

ሥልጣን ያልያዘን መሪ እንዴት እንተቻለን

ፖሊየቭ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አያውቁም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎች በመፈክሮቻቸው ላይ ብቻ ይረባረባሉ። መፈክር ደካማ ማስረጃ ነው። እርሳቸው ግን ከ2004 ጀምሮ የምክር ቤት አባል፣ በሃርፐር ዘመንም ሚኒስትር ስለነበሩ የሚመረመር መዝገብ አላቸው። በ2014 የዴሞክራሲ ማሻሻያ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ያቀረቡትና የጸደቀው የምርጫ ሕግ፣ ለመራጩ በፖስታ የሚላከው የምርጫ መረጃ ካርድ ለማንነት ማረጋገጫነት እንዳያገለግል ከለከለ፤ መታወቂያ የሌለውን ሰው ጎረቤቱ «አውቀዋለሁ» ብሎ የሚመሰክርበትንም አሠራር አጠበበ። እርሳቸው ያቀረቡት ምክንያት ማጭበርበርን መከላከል የሚል ነበር። ካናዳ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ለሁሉም የሚሰጥ ወረቀት ስለሌላት፣ አድራሻ የሌለበት ሰነድ የያዘ ተማሪ፣ በአረጋውያን መኖሪያ የሚጦር ሽማግሌና በነባር ሕዝቦች መንደር የሚኖር ሰው ለችግር ተጋለጠ። እነዚህ ገደቦች በ2018 በሌላ ሕግ ተቀለበሱ። ፖሊየቭ ሥልጣን ቢይዙ የተራውን ሰው ድምፅ እንዴት እንደሚይዙት ለመገመት ከሺህ መፈክር ይልቅ ይህ ሕግ ይሻላል።

የሚደግፏቸውን ወጣቶች ችግር ግን አክብራችሁ ጻፉ። በቶሮንቶና በቫንኩቨር ደመወዝተኛ ወጣት ቤት መግዛት ቀርቶ መከራየት ከብዶታል፤ ፖሊየቭ ይህንን ጉዳይ ከሌሎች መሪዎች ቀድመው የንግግራቸው ማዕከል አድርገውታል። የእኛ ልጆችም ለሁለትና ለሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩት እዚያው ነው። ተራማጅ ጸሐፊ የሚለየው ሕመሙን በመካድ ሳይሆን በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ መንግሥት ራሱ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ካልሠራ በቀር፣ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ማቀላጠፍና ግብር መቀነስ ብቻውን ድሃውን ቤት እንደማያስገባው ያስረዳል።

ሊበራሎችንም በዚያው መለኪያ ለኩ። ከካርኒ በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጀስቲን ትሩዶ የ2015 ምርጫ በነባሩ ሥርዓት የሚካሄድ የመጨረሻው ይሆናል ብለው ቃል ገብተው በ2017 ቃሉን ትተዋል። በጥቅምት 2024 የ2025ን የቋሚ ነዋሪዎች ቅበላ ከ500,000 ወደ 395,000 ያወረደው የእርሳቸው መንግሥት ነው። ሸማቾች በነዳጅ ላይ ይከፍሉት የነበረውን የካርቦን ክፍያ ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያስቀሩትም፣ እንዲቀር ሲዘምቱ የነበሩት ፖሊየቭ ሳይሆኑ ሊበራሉ ካርኒ ናቸው። ወግ አጥባቂው ያደረገው ጥፋት ሊበራሉ ሲያደርገው የማይጻፍ ከሆነ፣ የተያዘው አቋም የፓርቲ ደጋፊነት ነው።

ምንጭ፣ ሰዓትና አጻጻፍ

በዶሴና በውሳኔ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ከደሴ ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ ምክንያቱም ዋናዎቹ ሰነዶች በነጻ ይገኛሉ። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ሃንሳርድ ይባላል፤ ማን ምን እንደተናገረና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ እዚያ ይገኛል። የሕግ ረቂቆች ደረጃ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ፣ የምርጫ ውጤት በኢሌክሽንስ ካናዳ፣ የሕዝብና የኑሮ አኀዝ በስታቲስቲክስ ካናዳ ይወጣል። የመንግሥትንም የተቃዋሚንም የወጪ ግምት የሚመረምር የምክር ቤቱ የበጀት ባለሥልጣን አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ስለሚጠቅሱት ምስክርነቱ ከብዶ ይታያል። ጽሑፍ ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ስለሚፈጅ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሰነዱን አውርዳችሁ በስልካችሁ ያዙና ኔትወርክ ሲጠፋም አንብቡ። ተቆርጦ የሚሰራጭ አጭር ቪዲዮ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ከመጥቀሳችሁ በፊት ግን በዚያው ቀን ሃንሳርድ ላይ ከፊቱና ከኋላው የተባለውን አንብቡ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ ጥያቄ የሚመልሱበት ክፍለ ጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በኦታዋ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2:15 ላይ ይጀምራል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ካናዳ የበጋ ሰዓቷን በምትጠቀምበት ወቅት ከምሽቱ 3:15፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ደግሞ ከምሽቱ 4:15 ነው። ቀንን ስትጽፉ በአውሮፓው አቆጣጠር ጽፋችሁ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሩ፤ ሁለቱን ያለ ምልክት መቀላቀል በሕግና በምርጫ ጉዳይ ከባድ ስሕተት ያስከትላል።

የምትተቹትን መሪ በአንቱታ ጻፉ። በወሎ ሽማግሌ ከተቃራኒው ጋር ሲከራከር «እርስዎ» እያለ ነው የሚረታው፤ መሪን «አንተ» እያለ የሚያንኳስስ ጽሑፍ ታላላቆቻችን አያነቡትም። በተጨማሪም የካናዳን ፓርቲዎች በአገራችን ፓርቲዎች ስም አትጥሩ፤ ንጽጽሩ ለጊዜው ያስቃል፣ አንባቢው ግን ካናዳን ትቶ ስለ አገር ቤት መጨቃጨቅ ይጀምራል። የዘመዳችሁን የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የሚኖርበትን ከተማና የማመልከቻውን ዓይነት በምሳሌነት አታውጡ፤ በሕግ ሒደት ላይ ያለን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ካናዳ ለሚኖር፣ ወግ አጥባቂዎችን ለሚመርጥ አንድ ወገን ላኩለት። እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ ግብር የሰለቻቸው የታክሲና የከባድ መኪና ባለንብረቶች፣ በቤተሰብና በትምህርት ቤት ጉዳይ ፓርቲው ከእምነታቸው ጋር ይቀራረባል የሚሉ ምእመናን አሉባቸው። የምትጠይቁት በአቋማችሁ እንዲስማማ ሳይሆን የተሳሳተ ቀን፣ ሥልጣን ወይም ቁጥር እንዲጠቁማችሁና የእርሱ ወገን ምክንያት በትክክል ተገልጾ እንደሆነ እንዲነግራችሁ ነው። የጠቆማችሁን ከሰነዱ ጋር አመሳክራችሁ አስተካክሉ፤ አቋማችሁን ግን በማስረጃ ካልተረታ አትቀይሩት። ከዚያ የተጻፈበትን ቀን ከርእሱ ሥር አስፍራችሁ አውጡት፤ ሕጉ ሲሻር፣ ፍርድ ቤት ሲወስን ወይም መሪው ከሥልጣን ሲወርዱም ተመልሳችሁ ከጽሑፉ ግርጌ አዲሱን ነገር ከነቀኑ ጨምሩ።